ከለገሃር እስከ ካዛንቺስ፦ የአውሮጳ የእጅ መሣሪያዎችና የአዲስ አበባ ባለ እጆች

ከለገሃር ተነሥቶ በእስጢፋኖስ በኩል ወደ ባምቢስ፣ ከዚያም ወደ ካዛንቺስ የሚወጣ እግረኛ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሦስት አውሮጳውያን ሕዝቦችን ስም ረግጦ ያልፋል። ለገሃር የሚለው መጠሪያ ፈረንሳዮች የባቡር ጣቢያን «ላ ጋር» ከሚሉት ቃል የመጣ ነው። ባምቢስ፣ በሰፈሩ መደብር ከፍቶ ይነግድ የነበረ ግሪካዊ ስም ነው። ካዛንቺስ ደግሞ ጣልያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ያሠሯቸው ቤቶች መጠሪያ ነበር፤ «ካዛ» ቤት ማለት ሲሆን «ኢንቺስ» ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው የኢጣልያ ድርጅት አጭር ስም ነው።

የሰፈሮቹ ስም ታሪክ በየጊዜው ተነግሯል፤ ተጽፏልም። ከስሞቹ ጋር በአንድ መንገድ የገባውና በየጋራዡ፣ በየእንጨት ሥራ ቤቱ፣ በየቧንቧ ሠራተኛው የብረት ሣጥን ውስጥ የኖረው የእጅ መሣሪያ ግን ይህን ያህል አልታደለም። መዶሻና ካቻቪቴ፣ መላጊያና ሞርሳ ሲሠራባቸው እንጂ ሲታሰብባቸው አይታይም። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ከአውሮጳ ጋር የነበራትን ግንኙነት ከዲፕሎማቶች ደብዳቤ ይልቅ በግልጽ የሚያሳየው ምናልባት ይኸው ዘይት የጠገበ ሣጥን ሳይሆን አይቀርም።

በአውሮጳ አሮጌ የእጅ መሣሪያ መሰብሰብና ማወዳደር የታወቀ ሙያ ነው። ሰብሳቢዎች ማኅበር አላቸው፤ በመሣሪያው ላይ የተመታውን ማኅተም አይተው ፋብሪካውንና ዘመኑን ይለያሉ። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዛዊው የሼፊልድን፣ ጀርመናዊው የሬምሻይድንና የሶሊንገንን፣ ፈረንሳዊውም የአገሩን ይሰበስባል። በአንድ ሠራተኛ እጅ፣ በአንድ ሣጥን ውስጥ የእንግሊዝ መጋዝ፣ የጀርመን መፍቻ፣ የጣልያን ሞርሳና የሩስያ መሰርሰሪያ ተጋፍተው የሚገኙት ከእነዚያ አገሮች ይልቅ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ ነው። እዚህ ንጽጽሩን ያደረገው ሰብሳቢ አይደለም። አንዱ ከሌላው የማይገጥመውን ዕቃ ይዞ ማታ ላይ ሥራውን አስረክቦ መግባት የነበረበት ባለ እጅ ነው።

የአውሮጳን መሣሪያ የመሻቱ ታሪክ ከአዲስ አበባ እጅግ የቀደመ ነው። የአራጎን ንጉሥ አልፎንሶ 5ኛ እ.ኤ.አ. በ1450 ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቀደም ሲል የላካቸው 13 ባለ ሙያዎች በመንገድ ማለቃቸውን ገልጿል። ዐፄ ልብነ ድንግልም ከፖርቱጋል ንጉሥ ባለ ሙያ እንዲላክላቸው ጠይቀዋል። ከሁሉ ይልቅ ጉዳዩ የመንግሥታቸው የሞት ሽረት ጥያቄ የሆነባቸው ግን ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ ከስዊዘርላንድ ቅድስት ክሪሾና ሚሲዮን የመጡትን ባለ እጅ ሚሲዮናውያን ከአገሬው ሠራተኞች ጋር አሰልፈው መድፍ አስቀለጡ፤ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖልም ከዚያ ወጥቶ እስከ መቅደላ ተጎተተ።

ብዙ ጊዜ የማይነሣው የጋፋት ታሪክ ተከታይ ክፍል አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866 ሚሲዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ሲልኩ፣ ባለ ሙያዎችና የሥራ ቤት መሣሪያዎች እንዲመጡላቸው ጠይቀው ነበር። እንግሊዞችም ሰው ቀጥረው፣ ዕቃ ገዝተው እስከ ምጽዋ አደረሱ። ነገር ግን የታሰሩት አውሮጳውያን ሳይፈቱ ዕቃው ወደ ደጋ አይወጣም አሉ፤ ንጉሡም መሣሪያው ሳይደርስ እስረኞቹን አልለቅም አሉ። ሣጥኖቹ በቀይ ባሕር ሙቀት ወራት ከቆዩ በኋላ ሳይሻገሩ ቀሩ። በዚያው ጠረፍ፣ በዙላ በኩል አድርጎ ወደ ደጋ የወጣው የናፒየር ጦር ሆነ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ አለ፤ የሠሩት እጆች የያዟቸው መሣሪያዎች ግን የሉም።

በ1871 ዓ.ም. ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ሁለት የእጅ ባለ ሙያ ጓደኞቹን ይዞ አንኮበር ሲደርስ፣ ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ በመጀመሪያ ያዘዙት ድልድይ ወይም ቤት አልነበረም። ጫማ ሥራልኝ አሉት ይባላል፤ ቀጥሎም ጠመንጃ። ኢልግ በሕይወቱ ጫማ ሰፍቶ የማያውቅ ሰው ቢሆንም ሠርቶ አቀረበ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ለማሳቅ ይነገራል። ቁም ነገሩ ግን በዚያ ዘመን ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን በስድብ ከሰው ተራ ያስወጣ በነበረ ማኅበረሰብ መካከል፣ ንጉሡ የተማረ ሰው በእጁ ሲሠራ ለማየት መፈለጋቸው ነው። ዐፄ ምኒልክ ኋላ ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል።

መሣሪያ በሣጥን ሳይሆን በፉርጎ መግባት የጀመረው ከምድር ባቡሩ ጋር ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በድሬ ዳዋ የተተከለው ትልቁ የጥገና ሥራ ቤት በአገሪቱ የመጀመሪያው ሰፊ የብረታ ብረት ትምህርት ቤት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሎኮሞቲቭ እንደ ሰዓት ነው፤ መንኮራኩሩ ይሞረዳል፣ ቫልቩ ይስተካከላል፣ የተሰበረው ክፍል እንደገና ይቀረጻል። ለዚህ ሁሉ ልኩን በሚሊ ሜትር የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። የአገሬው ልጅ በዚያ ገብቶ የፈረንሳዮችን የሜትር ልክ፣ የፈረንሳዮችን ቋንቋና የፈረንሳዮችን የሥራ ሥርዐት ባንድነት ተማረ። ፉርጎ፣ ሹፌር፣ ፍሬን የሚሉት ቃላት የዚያ ቋንቋ ናቸው። በ1922 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የባቡር ጣቢያ ሕንጻ ሲመረቅ፣ ዛሬ ቂርቆስ በሚባለው ክፍለ ከተማ ውስጥ የአውሮጳ ብረት የሚራገፍበት ቋሚ በር ተከፈተ ማለት ነው።

ሁለተኛው በር በጉልበት ተከፈተ። የኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ከኋላው ብዙ የጭነት መኪና ተከትሎት ነበር። መኪና ያለ መጠገኛ አይኖርም፤ መጠገኛ ደግሞ ያለ ረዳት። ኢትዮጵያዊው በዚህ ሥራ ቤት የገባው መሣሪያ አቀባይ ሆኖ ነው። «አምጣ» የተባለውን ዕቃ ለይቶ ለማምጣት ስሙን በጌታው አነጋገር ማወቅ ነበረበት፤ ቢሳሳት የሚከተለው ስድብ ወይም ጥፊ ነው። የጣልያንኛው የመሣሪያ ቃላት አማርኛ ውስጥ የሠረጹት በዚህ መራራ መንገድ ነው። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ቃላቱ አልወጡም። እንዲያውም ከድል በኋላ የቀሩት ጣልያናውያን ባለ ጋራዦች፣ ኋላም ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ስትቀላቀል ከአሥመራ የመጡት የሠለጠኑ መካኒኮች ይበልጥ አጠናከሯቸው። የፊያት ሥራ የሆነው ባለ ከባድ ጭነቱ «ኤንትሬ» በየአውራ ጎዳናው እስከ ተመላለሰ ድረስ ሌላ ቋንቋ አላስፈለገም።

እነዚህን ቃላት ልብ ብሎ ለመረመረ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። ባለ እጁ መዶሻን መዶሻ፣ ጉጠትን ጉጠት፣ መጋዝን መጋዝ፣ ሞረድን ሞረድ፣ መሮን መሮ ብሎ ነው የቀጠለው። ጣልያን ማርቴሎ ቢልም መዶሻው ስሙን አልለወጠም። ስሙን ይዞ የገባው የትኛው ነው? ካቻቪቴ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሞርሳ፣ ቶርኖ። ካቻቪቴ በጣልያንኛ «ቪቴ» የተባለውን ጥምዝምዝ ምስማር አሳዳጅ፣ ነጂ ማለት ነው። ዳዶ በቁሙ የቁማር ዛር ሲሆን የብሎን ማሰሪያ መጠሪያ ሆኗል። ሞርሳ መንከስ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን በጥምዝምዝ ጥርስ ተጠግቶ ብረት የሚነክስ መያዣ ነው። ቶርኖ ያንን ጥርስ የሚያወጣው መሽከርከሪያ ነው። አምስቱም የሚዞሩት በአንድ ነገር ዙሪያ ነው። በወናፍና በድንጋይ መስፍ የሚሠራው የአገር ቤት ቀጥቃጭ ማረሻ፣ ማጭድ፣ ጦር፣ መስቀል ይሠራ ነበር፤ ሁለት ብረት በጥርስ አጠማዝዞ ማሰር፣ ፈትቶም መልሶ ማሰር ግን የዕለት ሥራው አልነበረም። ስለዚህ የነበረውን መሣሪያ በነበረው ስም ጠራ፤ ያልነበረውን ከነስሙ ተቀበለ። ቃላቱ በጭፍን አልተቀዱም፤ ተመርጠዋል።

ከዚህ ሌላ ትንሽ የሚያስፈግግ ትርጉም ያላቸውም አሉ። ኩሽኔታ ማለት ትንሽ ትራስ ማለት ነው፤ የሚሽከረከረው ዘንግ ተደግፎ የሚያርፍበት በመሆኑ ነው። ሴጌቶ «ትንሽ መጋዝ» ነው። ባሌስትራ የጥንት የጦር ቀስት ስም ነበር። ጣልያኖች የመስተዋት ወረቀት የሚሉትን ማለስለሻ ባለ እጁ ቃሉን ሳይቀበል ትርጉሙን ብቻ ወስዶ «ብርጭቆ ወረቀት» አለው። ውሃ ልክና መላጊያ የሚሉትን ደግሞ ከራሱ ቋንቋ አበጀ።

ከድል በኋላ የእንግሊዝ ዕቃ በብዛት ሲገባ ግን ችግሩ በቃል የሚፈታ አልሆነም። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ባቀረበው ደንብ መሠረት የአገሩ ብሎን ጥርስ ማዕዘን 55 ዲግሪ ነው፤ መለኪያውም ኢንች። የፈረንሳይ፣ የጀርመንና የጣልያን ብሎን በሚሊ ሜትር የሚለካ፣ የጥርሱም ማዕዘን 60 ዲግሪ ነው። ሁለቱ ብሎኖች ለዐይን አንድ ይመስላሉ፤ አንዱን በሌላው ዳዶ ውስጥ ቢያስገቡት ሁለት ዙር ይሄድና ይነክሳል፤ በጉልበት ቢገፋ ጥርሱ ይበላል። በመፍቻውም በኩል እንዲሁ ነው። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በ13 ቁጥር መፍቻ ሲያዝ ይላላል፣ የብሎኑም ጭንቅላት ይከብባል። በዊትዎርዝ መፍቻ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ የመፍቻውን አፍ ስፋት ሳይሆን የብሎኑን ውፍረት የሚናገር ነው፤ ይህን ያላወቀ ሰው ሣጥኑን ሙሉ ሲገለብጥ ይውላል። በኤንትሬ ላይ የሠለጠነ መካኒክ ላንድ ሮቨር ሲመጣለት ሌላ ሣጥን መክፈት ነበረበት፤ ሁለተኛ ሣጥን የሌለው ደግሞ ብልሃት ይፈጥራል። የመፍቻውን አፍ በሞረድ ያሰፋል፤ በላላው አፍ ውስጥ የቆርቆሮ ቁራጭ ይሽጣል፤ ካልሆነም ብሎኑን ወደ ቶርኖ ወስዶ በሌላ ጥርስ ያስቀርጻል።

ለሁሉም ልክ የሚሆነው አፉ የሚጠብና የሚሰፋ መፍቻ የተወደደው ከዚህ የተነሣ ነው። ጣልያኖችም ፈረንሳዮችም ይህን መሣሪያ «የእንግሊዝ ቁልፍ» ይሉታል፤ ዛሬ በዓለም የታወቀውን ቅርጽ የሰጠው ግን እ.ኤ.አ. በ1892 የባለቤትነት መብት ያገኘው ስዊድናዊው ዮሃንሶን ነው። ጥሩ መካኒኮች በቸልታ ያዩታል፤ የብሎን ጭንቅላት ያበላሻል ይሉታል። እውነታቸውን ነው። ሆኖም የአምስት አገር መኪና በአንድ ግቢ ውስጥ በሚጠገንበት ከተማ ይህን ዕቃ መናቅ የሚችለው መፍቻው የተሟላለት ብቻ ነው።

በእንጨት ሥራ በኩል ልዩነቱ ሌላ መልክ አለው። እንግሊዛዊ አናጢ የሚይዘው መጋዝ ሰፊ ምላጭ ያለው፣ መወጠሪያ የማያሻው ነው። ጀርመኑ፣ ፈረንሳዩና ጣልያኑ ግን ቀጭን ምላጭ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ወጥረው፣ በተጠማዘዘ ገመድ አጥብቀው ይሠሩበታል። መላጊያም እንዲሁ ነው፤ የጀርመኑ በግንባሩ ላይ ለግራ እጅ መያዣ ቀንድ ያለው የእንጨት መላጊያ ሲሆን፣ ሼፊልድ ያወጣው የብረት መላጊያ ምላጩ በትንሽ ጥምዝምዝ ዘንግ ወደ ላይና ወደ ታች የሚል ነው። የትኛው ይበልጣል ለሚለው ጥያቄ የአዲስ አበባ አየር የራሱን ፍርድ ይሰጣል። የእንጨቱ በበጋው ድርቀት ይሰነጠቃል፣ ምላጩን የሚይዘው ሽብልቅ ይላላል፤ ነገር ግን ሲሰበር ባለቤቱ ራሱ ሌላ ጠርቦ ይተካዋል። የብረቱ አይጣመምም፤ በክረምት ግን ዘይት ካልተቀባ በሳምንት ውስጥ ይዝጋል፣ ከእጅ ወድቆ ከተሰነጠቀም የሚጠግነው የለም። ስለዚህ በድህነት የጀመረ አናጢ የእንጨቱን፣ ደንበኛ ያፈራ የብረቱን ይይዝ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ስለ ማኅተምም ጥቂት ማለት ይገባል። በገበያ «የጀርመን ነው» የሚለው ቃል ዋጋ የሚጨምር ምስክር ነው። የዚህ አባባል ምንጭ ግን ውርደት ነበር። የሼፊልድ ባለ ፋብሪካዎች ጀርመኖች ርካሽ ቢላዋና መቀስ እየሠሩ በእኛ ስም ይሸጣሉ ብለው በመክሰሳቸው፣ የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1887 የእንግሊዝ ሥራ ሊመስል በሚችል የውጭ ዕቃ ላይ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት ደነገገ። ለማዋረድ የታዘዘው ጽሑፍ፣ ሬምሻይድና ሶሊንገን ሥራቸውን ሲያሻሽሉ የክብር ማኅተም ሆኖ ቀረ።

ሦስተኛው በር ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 በሜክሲኮ አካባቢ የተከፈተው የተግባረ እድ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛውን ይዞ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ደግሞ ከነአስተማሪዎቹ የሩስያን መሣሪያ አስገባ። የሩስያው ዕቃ ሲያዩት ያላማረ፣ ሲያነሡት የሚከብድ ነው፤ ጠበኞቹ «ዶማ ነው» ሲሉት ወዳጆቹ «አይሞትም» ይሉታል። በዚህ ጊዜ በአንድ ሙያ ውስጥ ሁለት ቋንቋ ተፈጠረ። የተማረው ቫይስና ሌዝ ሲል ጋራዥ ያደገው ሞርሳና ቶርኖ ይላል። ነገሩ የቃል ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። መጽሐፍ የተጻፈው፣ ፈተና የወጣው፣ የምስክር ወረቀትም የተሰጠው በመጀመሪያው ቋንቋ ነው። የዊትዎርዝን ብሎን በዳሰሳ ከሜትሩ የሚለየው፣ የመጋዝን ጥርስ በጆሮው ሰምቶ ደንዝዟል የሚለው ሰው እውቀቱን በሁለተኛው ቋንቋ ይዞ ኖረ፤ ማንም ሳይጽፈው አብሮት ወደ መቃብር ወረደ።

ከሁሉ ራቅ ብሎ የቆመ የመሰለው የገጠር ቀጥቃጭም ከዚህ ታሪክ ውጪ አይደለም። የተሰበረ የኤንትሬ ባሌስትራ ማረሻና ማጭድ ሆኖ ተቀጥቅጧል። ያለቀ ሞረድ ቢላዋ ሆኗል። የሐዲድ ቁራጭ የድንጋዩን መስፍ ተክቷል። የአውሮጳ ብረት መሣሪያነቱ ሲያበቃ በአገር ቤት እሳት ገብቶ ሁለተኛ ልደት አግኝቷል፤ ማኅተሙም በመዶሻው ሥር ጠፍቷል። ሰብሳቢ የሚያዝንበት፣ ገበሬ የሚደሰትበት ፍጻሜ ነው።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ለከተማው የኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ነዋሪዎቹ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲዛወሩ፣ የድሮዎቹ ቤቶች ቆርቆሮና በር ብቻ አልነበረም የተነሣው። በየቤቱ ጓዳና በየግቢው ጥግ ተቀምጦ የነበረ የአባት፣ የአያት መሣሪያም ወደ ብርሃን ወጣ። ጥቂቱ ከባለቤቱ ጋር ተጓዘ። አዲሱ መኖሪያ ሞርሳ የሚተከልበት ወፍራም ጠረጴዛ፣ የመዶሻ ድምፅ የሚታገሥ ጎረቤት ላይኖረው ይችላልና ሌላው መንገዱን ወደ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራ አደረገ።

ምናለሽ ተራ አሮጌ ነገር ሁሉ ዋጋ የሚያገኝበት፣ በርሜል ምጣድ፣ ቆርቆሮ ኩራዝ የሚሆንበት ስፍራ ነው። እዚያ አሮጌ ሞርሳ ሁለት ዋጋ አለው። የሚሠራበት ካገኘው በመሣሪያነቱ፣ ካላገኘው በኪሎ። ከጎኑ ያለው አዲሱ ሞርሳ ቀለሙ ያማረ፣ ዋጋውም የቀለለ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አሮጌው ወደ ሚዛን ይሄዳል። ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት ጎኑን ያገላበጠ ሰው፣ ከፋብሪካው ጉልህ ፊደል በታች በሞረድ ጫፍ የተቆረጡ ሁለት ሦስት ጭረቶች ያገኛል። በአውሮጳ አናጢ ስሙን በፊደል በመላጊያው ግንባር ላይ ያስመታ ነበር፤ የአዲስ አበባ ባለ እጅ ደግሞ መሣሪያው ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል በእንዲህ ያለ ጭረት ወይም በቀለም ነጥብ ይለየዋል። ፋብሪካው የትኛው እንደሆነ፣ በስንት ዓመት እንደተሠራ በአውሮጳ የታተመ መዝገብ አለ። ሦስቱ ጭረቶች የማን እንደሆኑ የሚያውቁት አብረውት የሠሩት ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ዛሬም በከተማዋ ዳርቻ በአዲሶቹ ሰፈሮች በሕይወት አሉ።